ካርታውን የሞላው ማን ነው? የበጎ ፈቃድ ካርታ፣ የዜጎች ሳይንስና የጤና ባለሙያው

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በማርች 2014 በጊኒ ደቡብ ምሥራቅ፣ ጌኬዱ በተባለው አካባቢ የኢቦላ ወረርሽኝ መከሰቱ ሲረጋገጥ፣ ወደ ሥፍራው የተንቀሳቀሱት የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን ባልደረቦች ከመድኃኒትና ከመከላከያ አልባሳት ሌላ አንድ ቀላል የሚመስል ነገር ጎድሏቸው ነበር፤ ይኸውም ካርታ ነው። የኢቦላን ሥርጭት ለመግታት ከታማሚው ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ፈልጎ ለ21 ቀናት መከታተል ግድ ይላል። ታማሚው የመጣበት መንደር የት እንደሆነ፣ በየት በኩል እንደሚደረስበት፣ ስንት ቤት እንዳለው ካልታወቀ ግን ክትትሉን ከየት መጀመር እንደሚቻል አይታወቅም።

በዚያን ጊዜ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች የሚገኙ፣ ጊኒን ረግጠው የማያውቁ በጎ ፈቃደኞች በየቤታቸው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው የሳተላይት ምስል እያዩ የአካባቢውን ቤቶችና መንገዶች በጥቂት ቀናት ውስጥ በካርታ ላይ አሰፈሩ። ካርታው ለመስክ ሠራተኞቹ ደርሶ ጥቅም ላይ ዋለ። ወረርሽኙ ወደ ላይቤሪያና ወደ ሴራሊዮን ተዛምቶ እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ28,000 በላይ ሰዎችን ሲያጠቃና ከ11,000 በላይ የሚሆኑትን ሲገድል፣ ይኸው የበጎ ፈቃድ ካርታ ሥራ አብሮት ቀጥሏል።

ይህ ተግባር ተመስግኗል፤ ሊመሰገንም ይገባዋል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለውን ካርታ ወይም መረጃ ለሕክምናና ለጤና ጥበቃ ሥራ የምንጠቀም ባለሙያዎች ልንጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ሥራው «በሕዝብ የተሠራ» ይባላል። ይህ ሕዝብ ማን ነው? በዚህ ጽሑፍ የበጎ ፈቃድ ካርታና የዜጎች ሳይንስ ምን እንደሆኑ፣ ተሳታፊዎቻቸው እነማን እንደሆኑ፣ የተሳታፊዎቹ ማንነት ውጤቱን እንዴት እንደሚለውጠውና ይህም ለአገራችን የጤና ሥራ ያለውን ትርጉም ለማስረዳት እንሞክራለን።

የዜጎች ሳይንስ ምንድን ነው?

የዜጎች ሳይንስ የሚባለው በሙያቸው ተመራማሪ ያልሆኑ ሰዎች ያለ ክፍያ መረጃ በመሰብሰብ፣ በመለየት ወይም በመተንተን በምርምር ሥራ የሚሳተፉበት አሠራር ነው። ስሙ አዲስ ቢሆንም ግብሩ የቆየ ነው። በአሜሪካ በየዓመቱ በገና ሰሞን የሚካሄደው የአእዋፍ ቆጠራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1900 ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዓመት የተሳተፉት 27 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ዛሬ ተሳታፊዎቹ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ።

ኢንተርኔት ከተስፋፋ ወዲህ ሥራው በመጠን እጅግ አድጓል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው «ጋላክሲ ዙ» የተባለው ፕሮጀክት የሩቅ ጋላክሲዎችን ፎቶግራፍ ለሕዝብ አቅርቦ በቅርጻቸው እንዲለዩ ሲጠይቅ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ150,000 የሚበልጡ ሰዎች 50 ሚሊዮን ያህል ምላሾችን ሰጡ። ወደ ሕክምናው ስንመጣ ደግሞ «ፎልዲት» በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ የተሳተፉ ሰዎች፣ በጦጣዎች ላይ ኤድስን የመሰለ በሽታ የሚያስከትል ቫይረስ ያለውን የአንድ ኤንዛይም ቅርጽ በሳምንታት ውስጥ ለማወቅ አስችለዋል። ውጤቱ የታተመው በ2011 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ጥያቄው ከዚያ በፊት ለዓመታት ተመራማሪዎችን ያስቸገረ ነበር።

በካርታ ረገድ ዋነኛው ኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። ስቲቭ ኮስት የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ2004 የመሠረተው ይህ ካርታ ማንም ሰው ገብቶ መንገድ፣ ቤት፣ ወንዝ፣ ጤና ጣቢያ ሊጨምርበት ወይም ያለውን ሊያርምበት የሚችል ሲሆን፣ ማንም ሰው በነፃ ሊጠቀምበት ይችላል። በአባልነት የተመዘገቡት ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ለሰብአዊ ዕርዳታ የሚውለውን ሥራ የሚያስተባብር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 ከሄይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በድርጅትነት የተቋቋመ ሲሆን፣ በ2014 ደግሞ ይኸው ቡድን ከአሜሪካና ከብሪታንያ ቀይ መስቀል ማኅበራት እንዲሁም ከድንበር የለሽ ሐኪሞች ጋር በመሆን «ሚሲንግ ማፕስ» የተባለውን ፕሮጀክት ጀምሯል። ዓላማው አደጋ ከመድረሱ በፊት በካርታ ላይ የሌሉ አካባቢዎችን አስቀድሞ ማስፈር ነው።

ብዙ ተመዝጋቢ፣ ጥቂት ሠራተኛ

የተመዝጋቢው ቁጥር ብዙ መሆኑ የሠሪው ቁጥር ብዙ መሆኑን አያሳይም። በጀርመን የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ እስከ 2011 ማብቂያ ድረስ በኦፕን ስትሪት ማፕ ከተመዘገቡት ግማሽ ሚሊዮን ያህል አባላት መካከል ቢያንስ አንድ ጊዜ በካርታው ላይ የሠሩት 38 ከመቶው ብቻ መሆናቸውን አሳይተዋል። በንቃት የሚያበረክቱት ደግሞ ከጠቅላላው አባላት 5 ከመቶ ያህል ነበሩ።

በዜጎች ሳይንስም የታየው ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ ሰባት ፕሮጀክቶችን የመረመረ ጥናት እንዳመለከተው፣ በአማካይ 79 ከመቶ የሚሆነውን ሥራ ያከናወኑት ከተሳታፊዎቹ 10 ከመቶ የሚሆኑት ናቸው። አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ለአንድ ቀን ብቻ ገብተው የተመለሱ ናቸው።

ይህ በራሱ ጉድለት አይደለም። እነዚያ ጥቂቶች በሥራው ብዛት ልምድ ያካበቱ ናቸው፤ የጀማሪዎችን ስህተት የሚያርሙትም እነርሱ ናቸው። በሰብአዊ ካርታ ሥራ አንድ ጀማሪ የሳለውን ሌላ ልምድ ያለው ሰው ሳያረጋግጠው ሥራው እንደተጠናቀቀ አይቆጠርም። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። አንደኛ፣ «ሚሊዮኖች ያዩት ነው» ብለን የምንተማመንበት የካርታ ክፍል በእርግጥ የሁለት ወይም የሦስት ሰዎች ሥራ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ እነዚያ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ሲሰለቹ ወይም ኑሮ ሲያስገድዳቸው ሥራው ይቆማል፤ ካርታው ግን መቆሙን አይናገርም። ከአምስት ዓመት በፊት የተዘጋ ክሊኒክ ዛሬም ክፍት መስሎ ይታያል።

ተሳታፊዎቹ እነማን ናቸው?

ስለ ተሳታፊዎች ማንነት የተደረጉ ጥናቶች ብዙ ቢሆኑም ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሞ በወጣ አንድ የኦፕን ስትሪት ማፕ አባላት መጠይቅ፣ መልስ ከሰጡት 96 ከመቶ የሚሆኑት ወንዶች ነበሩ። በጋላክሲ ዙም ከአምስቱ መላሾች አራቱ ያህል ወንዶች መሆናቸው ተዘግቧል። በአሜሪካና በብሪታንያ በአእዋፍና በተፈጥሮ ምልከታ የሚሳተፉት በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ፣ የተማሩና ነጮች ናቸው። ከዚህም በላይ በአንዱ ፕሮጀክት የሚሳተፈው ሰው በሌላውም ስለሚገኝ፣ የፕሮጀክቶቹ ቁጥር መብዛት አዳዲስ ሰዎች መጡ ማለት አይደለም።

ምክንያቱ ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም። በጎ ፈቃድ ልብ ብቻውን አይበቃውም፤ ትርፍ ጊዜ፣ ኮምፒውተር፣ የማይቋረጥ የኤሌክትሪክ ኃይልና ኢንተርኔት፣ እንዲሁም የሥራ ቋንቋውን ማወቅ ያስፈልጋል። ትርፍ ጊዜ ደግሞ ለሁሉም እኩል አልታደለም። ከመደበኛ ሥራዋ በኋላ የቤት ውስጥ ሥራና ልጆች የሚጠብቋት ሴት ማታ ሁለት ሰዓት ካርታ ስትስል ለመቀመጥ ያላት ዕድል ጠባብ ነው።

የሚያነሳሳቸውስ ምንድን ነው? የጋላክሲ ዙ ተሳታፊዎች ዋነኛ ምክንያታቸውን ሲጠየቁ 40 ከመቶ ያህሉ «ለሳይንስ አስተዋፅኦ ለማድረግ» ብለዋል። በካርታ ሥራም የራስን ሰፈር በትክክል የማስፈር ፍላጎት፣ የመማር ጉጉት፣ በአደጋ ለተጎዱ ሰዎች የመድረስ ስሜት ይጠቀሳሉ። በሌላ በኩል ሁሉም ተሳታፊ በጎ ፈቃደኛ ነው ማለት ስህተት ነው። እንደ አፕል፣ አማዞንና ፌስቡክ ያሉ ኩባንያዎች ለራሳቸው አገልግሎት ካርታው ስለሚያስፈልጋቸው፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሠራተኞች መድበው በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ያሠራሉ። ሠራተኞቹ ይበልጥ የሚያተኩሩት በመንገዶች ላይ ነው፤ ጤና ኬላና የውኃ ጉድጓድ ብዙም ትኩረታቸው አይደሉም።

የተሳታፊው ማንነት ውጤቱን እንዴት ይለውጣል?

ሰው የሚመዘግበው የሚያውቀውንና የሚፈልገውን ነው። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ የሕፃናት መዋያ ጉዳይ ነው። በኦፕን ስትሪት ማፕ አዲስ ዓይነት ቦታ ለመመዝገብ መለያው ለአባላት ቀርቦ ድምፅ ይሰጥበታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ለሕፃናት መዋያ ራሱን የቻለ መለያ እንዲኖረው የቀረበው ሐሳብ በድምፅ ውድቅ ሆነ፤ በአንጻሩ ለመጠጥ ቤትና ለምሽት ክበብ የተለያዩ መለያዎች ነበሩ። መለያው ከጊዜ በኋላ በሥራ ላይ ውሏል። ያን ጊዜ ድምፅ ከሰጡት መካከል ልጅ አዝላ መዋያ የምትፈልግ እናት ብትበዛ ኖሮ ውጤቱ ያው ይሆን ነበር ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

ከሙያችን የተወሰዱ ምሳሌዎች ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርጉታል። «ኢንፍሉዌንዛኔት» የተባለው የአውሮፓ የቅኝት መረብ እ.ኤ.አ. በ2003 በሆላንድና በቤልጂየም ተጀምሮ ወደ ሌሎች አገሮች የተስፋፋ ሲሆን፣ ፈቃደኛ ሰዎች በየሳምንቱ የጉንፋን ምልክቶቻቸውን በኢንተርኔት ያሳውቃሉ። ወደ ሐኪም ያልሄዱ ሕሙማንንም ስለሚያካትት ጥቅሙ ከፍተኛ ነው። ሆኖም የተሳታፊዎቹ ስብጥር ከጠቅላላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር ወንዶች፣ እንዲሁም በዕድሜ እጅግ ወጣቶቹና እጅግ አረጋውያኑ አንሰው ተገኝተዋል። ኢንፍሉዌንዛ ክፉኛ የሚጎዳው ደግሞ ሕፃናትንና አረጋውያንን መሆኑ የታወቀ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በኮቪድ ወቅት በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በማርች 2020 የተጀመረው «ዞይ» የተባለው የስልክ መተግበሪያ ነው። ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ ተሳታፊዎች ከሰጡት መረጃ በመነሳት በሜይ 2020 በወጣው ጽሑፍ፣ በምርመራ ቫይረሱ ከተገኘባቸው መካከል 65 ከመቶ ያህሉ የማሽተት ወይም የመቅመስ ችሎታቸውን ማጣታቸውን ሲገልጹ፣ ካልተገኘባቸው መካከል ይህን የገለጹት 22 ከመቶ ያህሉ ነበሩ። ይህ ግኝት ምልክቱ በበሽታው መግለጫ ውስጥ እንዲካተት ረድቷል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መጨበጥ ይገባል። በተሳታፊዎች መካከል ሁለት ቡድኖችን ማነጻጸር አንድ ነገር ነው፤ ከተሳታፊዎች ተነስቶ በሕዝቡ ውስጥ በሽታው ምን ያህል እንደተሰራጨ መገመት ሌላ ነገር ነው። ለመጀመሪያው፣ ናሙናው ሕዝቡን ሙሉ በሙሉ ባይወክልም ጠቃሚ ፍንጭ ሊገኝ ይችላል፤ ምንም እንኳ ማን ተመረመረ፣ ማን ፈቃደኛ ሆነ የሚለው ጉዳይ ይህንንም ዝምድና ሊያዛባው ቢችልም። ለሁለተኛው ግን ስልክ የሌለው፣ ቋንቋውን የማያነበው፣ ታሞ መልስ ለመስጠት ያልቻለው ሰው ከስሌቱ ስለሚወጣ ስህተቱ ከባድ ይሆናል። የተሳታፊው ቁጥር ሚሊዮን መሆኑ ይህን ስህተት አያርመውም፤ የቁጥር ብዛት የሚቀንሰው በዕድል የሚመጣውን መዋዠቅ እንጂ የአመራረጥን መዛባት አይደለም።

መፍትሔ የለውም ማለት አይደለም። በስፔን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሚሠራው «ሞስኪቶ አለርት» ሰዎች ያዩትን የወባ ትንኝ ዘመዶች ፎቶግራፍ አንስተው የሚልኩበት ሲሆን፣ በ2018 ከአንድ ተሳታፊ የመጣ ምስል ከእስያ የመጣ አንድ የትንኝ ዝርያ በሰሜን ስፔን መኖሩን ለማረጋገጥ አስችሏል። ፕሮጀክቱ ተሳታፊዎች የት የት አካባቢ እንደሚንቀሳቀሱም በግምት ስለሚመዘግብ፣ ትንኝ አልተገኘም የተባለበት ቦታ ትንኝ የሌለበት ነው ወይስ ተመልካች ያልደረሰበት የሚለውን ለመለየት ይሞክራል። የፈላጊው ብዛት ካልታወቀ የተገኘው ብዛት ብቻውን ብዙም አይናገርም።

ከሩቅ የሚስሉና በቦታው የሚኖሩ

ከሳተላይት ምስል ጣሪያና መንገድ ይታያል፤ ስም ግን አይታይም። አንድ ቆርቆሮ ቤት ትምህርት ቤት ይሁን ጤና ኬላ ወይም መጋዘን፣ ጉድጓዱ ውኃ ይኑረው ይድረቅ፣ መንገዱ በክረምት ይተላለፍ አይተላለፍ፣ ነዋሪዎቹ መንደራቸውን ምን ብለው እንደሚጠሩ የሚያውቀው በቦታው የሚኖረው ሰው ነው። በመሆኑም ሥራው በሁለት እጆች የተያዘ ነው፤ በሩቅ ሆኖ በሚስለውና በአገሬው።

የሁለቱ ቅንጅት በሦስት አገሮች በተለያየ መልክ ታይቷል። በሄይቲ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ የዋና ከተማዋ ካርታ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ከ600 የሚበልጡ በጎ ፈቃደኞች በሳምንታት ውስጥ ሞሉት፤ አብዛኞቹ ከአገሪቱ ውጭ ነበሩ። ከአደጋው የተረፉ ሰዎች በክሪዮል ቋንቋ የላኳቸውን የስልክ መልእክቶች ተርጉመው የተባለውን ሰፈር የለዩት ግን በውጭ የሚኖሩ የሄይቲ ተወላጆች ናቸው፤ ያለ እነርሱ የተሳለው መንገድ ስም አይኖረውም ነበር። በኬንያ፣ ናይሮቢ ውስጥ በኪቤራ የሚኖሩ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ2009 የገዛ ሰፈራቸውን በእግራቸው እየዞሩ ክሊኒኩን፣ የውኃ ቦኖውንና መጸዳጃ ቤቱን ሳይቀር በካርታ አስፍረዋል። በኔፓል ደግሞ የአገሩ ባለሙያዎች ያቋቋሙት ቡድን የካትማንዱን ትምህርት ቤቶችና ሆስፒታሎች አስቀድሞ መዝግቦ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 2015 ርዕደ መሬቱ ሲደርስ ከመላው ዓለም የመጡትን በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ለመምራት የቻለ ባለቤት ነበረው።

ለሐኪሞች ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ብሮድ ጎዳና አካባቢ 616 ሰዎችን የገደለውን የኮሌራ ወረርሽኝ ስናነሳ የምናስታውሰው የዶክተር ጆን ስኖውን ካርታ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያዋን ታማሚ ሕፃን የለየው፣ እናቲቱ የጨርቆቹን እጣቢ በጉድጓዱ አጠገብ ወዳለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ትደፋ እንደነበር ያረጋገጠው ሄንሪ ኋይትሄድ የተባለ የሰፈሩ ቄስ ነው። ኋይትሄድ ሐኪም አልነበረም፤ እንዲያውም በመጀመሪያ የስኖውን ሐሳብ አልተቀበለም ነበር። ይሁን እንጂ ምእመናኑን ቤት ለቤት ያውቃቸው ስለነበር ከስኖው የተሰወረውን ለማግኘት ቻለ።

ለአገራችን የጤና ሥራ ያለው ትርጉም

በአገራችን በርካታ ጤና ኬላዎች ግድግዳ ላይ በእጅ የተሳለ የቀበሌ ካርታ ተለጥፎ ይታያል። ጎጦቹ፣ ወንዙ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ ትምህርት ቤቱና የውኃ ቦታው ተመልክተውበታል። ልኬቱ ትክክል ላይሆን ይችላል፤ ስሞቹ ግን ትክክል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ካፈራቸው ሠራተኞች አብዛኞቹ ሴቶች ሲሆኑ፣ የሚያገለግሉትን ቤተሰብ በስም ያውቃሉ። የዓለም ካርታ ሰሪዎች በእጅጉ የጎደላቸው፣ ማለትም ሴትነትና የአካባቢ ዕውቀት፣ በእነዚህ ሠራተኞች ዘንድ ይገኛል። ዕውቀቱ ግን በግድግዳ ላይ ይቀራል።

የሚያሰጋው ደግሞ በቂ ነው። የሣር ክዳን ያላቸው ጎጆዎች በሳተላይት ምስል ከመሬቱ ቀለም ጋር ስለሚመሳሰሉ ከቆርቆሮ ቤት ይልቅ በቀላሉ ይታለፋሉ። አርብቶ አደሩ ወቅቱን ተከትሎ ስለሚንቀሳቀስ፣ ካምና ከተሳለ ካርታ ዘንድሮ ሰፈሩ ላይገኝ ይችላል። እንዲህ ባለ ካርታ ላይ ተመሥርቶ የክትባት ዘመቻ ቢታቀድ፣ የሚቀሩት ሕፃናት ከዚያ በፊትም ሲቀሩ የኖሩት መሆናቸው አይቀርም። የክትባቱ ሽፋንም በስሌት ከፍ ብሎ ይታያል፤ ያልተቆጠረ ሕፃን ካልተከተቡት ጋር አይደመርምና።

አጋጣሚውም አለ። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የምትራባ የወባ አስተላላፊ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘች ሲሆን፣ በ2022 በድሬዳዋ ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ጋር መያያዟን ጥናት አሳይቷል። የዚህችን ትንኝ መራቢያ በርሜልና ታንከር ከየግቢው ለይቶ ማሳወቅ ነዋሪው፣ ተማሪውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በጋራ ሊሠሩት የሚችሉት ነው።

በመሆኑም በሕዝብ የተሰበሰበ ካርታ ወይም መረጃ በእጁ የገባ የጤና ባለሙያ የሚከተሉትን ቢያጣራ ይበጀዋል፦

1. ይህን አካባቢ የመዘገቡት ስንት ሰዎች ናቸው? በቦታው ያሉ ናቸው ወይስ ከሩቅ የሚሠሩ? በኦፕን ስትሪት ማፕ የእያንዳንዱ ለውጥ ቀንና ሠሪ ስለሚመዘገብ ይህን ማየት ይቻላል።

2. መረጃው ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው መቼ ነው? የሳተላይት ምስሉስ የመቼ ነው?

3. ባዶ የሆነው ቦታ በእርግጥ ሰው የሌለበት ነው ወይስ ያልተመዘገበ? የወረዳውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሳይጠይቁ መደምደም አይገባም።

4. በመረጃው ውስጥ የማይገኙት እነማን ናቸው? ሴቶች፣ አረጋውያን፣ ስልክ የሌላቸው፣ ተንቀሳቃሽ ማኅበረሰቦች በተለይ ይታሰቡ።

5. መረጃው በግልጽ መውጣቱ የሚጎዳው ሰው ይኖራልን? የሕሙማን መኖሪያ ቤት ማንም በሚያየው ካርታ ላይ ፈጽሞ መስፈር የለበትም። የሕክምና ምስጢር በካርታም ላይ ያው ምስጢር ነው።

ማጠቃለያ

የበጎ ፈቃድ ካርታና የዜጎች ሳይንስ በጥቂት ወጪ ብዙ የሚሠራባቸው፣ በአደጋ ጊዜም ሕይወት ለማትረፍ የሚያግዙ መሣሪያዎች ናቸው። ነገር ግን እንደማንኛውም ናሙና ከመሰብሰቢያቸው ባሕርይ አይላቀቁም። አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ጥቂቶቹም በአብዛኛው ጊዜና መሣሪያ ያላቸው፣ ብዙውን ጊዜም ከቦታው የራቁ ናቸው። የእነርሱን ድካም ማክበር ያልተመለከቱትን ነገር ከመጠየቅ ሊያግደን አይገባም።

ሐኪም የላቦራቶሪ ውጤት ሲቀርብለት ናሙናው ከማን፣ መቼና እንዴት እንደተወሰደ ይጠይቃል። ካርታም ውጤት ነውና ይኸው ጥያቄ ይገባዋል። ከዚያም አልፎ በየጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ያለውን የአገሬውን ዕውቀት ወደ ጋራ ካርታው ለማሸጋገር የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች፣ የጤና ሳይንስ ተማሪዎችና የሙያ ማኅበራት ቢተባበሩ፣ ወረርሽኝ ሲነሳ የመንደሩን ስም ለማወቅ የሚጠፋውን ውድ ጊዜ ማትረፍ ይቻላል።